ቁጥር የሌለው ወረቀት፦ ሃይበርኔት ሳያስፈልግ ስለሚልካቸው አፕዴቶች

ሰኞ ማታ ስልኬ ሲጠራ ከየት እንደተደወለ ሳላየው አውቀዋለሁ። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ ከዚያና ከቃሉ ቆላ የተገዛው ማሾና ማሽላ ተጭኖ ኮምቦልቻ መጋዘን የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ስለሆነ፣ እኔ ደሴ ተቀምጬ የሠራሁት የርክክብ ፕሮግራም በሳምንት አንድ ጊዜ በእውነት የሚፈተነው በዚያች ሰዓት ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ሁላችንም ሀጂ እያልን የምንጠራቸው አዛውንት፣ ነገር አያስረዝሙም። «ልጄ፣ ይሄ ነገርህ አሁንም እያሰበ ነው» አሉኝ። «አብሽር ሀጂ፣ ነገ ወርጄ አየዋለሁ» አልኳቸውና በማግስቱ የደሴን ጉም ከኋላዬ ትቼ ሐረጎን ቁልቁል ወረድኩ።

የፕሮግራሙ ሥራ ቀላል ነው። አንድ የጭነት መኪና ሲገባ አንድ ርክክብ ይከፈታል፤ ከመኪናው የሚወርደው እያንዳንዱ ጆንያ ሚዛን ላይ ይወጣና ክብደቱ በዚያ ርክክብ ሥር አንድ መስመር ሆኖ ይመዘገባል። ፕሮግራሙ የሚሠራው መጋዘኑ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን፣ ፖስትግሬስ ዳታቤዙ ግን አዲስ አበባ በተከራየነው ሰርቨር ላይ ነው። በመካከላቸው ባለው የኢንተርኔት መስመር አንዲት ትዕዛዝ ሄዳ እስክትመለስ በደህናው ቀን 40 ሚሊሰከንድ ያህል ትወስዳለች። ብቻዋን ሲያዩዋት ምንም አይደለችም፤ ስለዚህም ስንት ትዕዛዝ እንደምልክ ቆጥሬ አላውቅም ነበር።

ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገርልኝ ሃይበርኔት የተባለው የጃቫ መሣሪያ ነው፤ የጃቫ ኦብጀክቶችን ወደ ሠንጠረዥ ረድፍ ይለውጣል። የሚልካቸውን ትዕዛዞች የሚያሳየውን የኤስኪውኤል ሎግ ከፍቼ 120 ጆንያ ያለውን አንድ ርክክብ ስመዘግብ ያየሁት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ለርክክቡ አንድ ኢንሰርት፣ ማለትም አዲስ ረድፍ የሚያስገባ ትዕዛዝ፣ ሄደ፤ ቀጥሎ ለጆንያዎቹ 120 ኢንሰርት ተከታትሎ ሄደ። እስከዚህ ድረስ የጠበቅሁት ነው። ከዚያ ግን ሎጉ አላቆመም፤ 120 አፕዴት፣ ማለትም ያለውን ረድፍ የሚያሻሽል ትዕዛዝ፣ ተከተለ። እያንዳንዱ አፕዴት የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በጆንያ ሠንጠረዥ ውስጥ መለያ ቁጥሩ ይህ የሆነውን ረድፍ ፈልግና የርክክብ ቁጥሩን 5317 አድርገው። ወደ ኢንሰርቶቹ ተመልሼ ሳይ የርክክብ ቁጥር የሚለው አምድ እዚያ ጭራሽ አልተጠቀሰም። ማለትም ሃይበርኔት 120ዎቹን ጆንያዎች የማን እንደሆኑ ሳይጽፍ አስገብቷቸው፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየዞረ የባለቤታቸውን ቁጥር ጽፎባቸዋል። መለያ ቁጥር ለማምጣት ከሚሄዱት ጥቂት ጥያቄዎች ሌላ 241 ትዕዛዝ ሆነ፤ እያንዳንዱ 40 ሚሊሰከንድ ቢወስድ ወደ 10 ሰከንድ ይጠጋል፤ መስመሩ በተጨናነቀበት ምሽት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። «እያሰበ ነው» ያሉት ይህን ነው።

ለሀጂ ነገሩን ላስረዳቸው ስሞክር ጠረጴዛቸው ላይ የነበረውን የካርቦን ደረሰኝ ጥራዝ ሳብ አደረጉና እያንዳንዱ ቅጠል ገና ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ቁጥር ታትሞበት እንደሚመጣ አሳዩኝ። «ቁጥር የሌለው ወረቀት ከእጄ አይወጣም፤ ቢወጣ ማን ይመልስልኛል?» አሉ። የእኔ ፕሮግራም ግን 120 ቁጥር የሌለው ወረቀት ሞልቶ መደርደሪያ ላይ ካስቀመጠ በኋላ፣ እስክሪብቶ ይዞ ተመልሶ እያንዳንዱን እያወጣ ቁጥር የሚጽፍ ጸሐፊ ነበር።

ይህ የሆነው በሃይበርኔት ስህተት አይደለም፤ እኔ የነገርኩትን ነው የፈጸመው። ርክክብ በሚለው ክላስ ውስጥ የጆንያዎች ሊስት አስቀምጬ፣ ግንኙነቱን ዋን ቱ ሜኒ (አንድ ለብዙ) ብዬ፣ ከሥሩ የሚያገናኘውን አምድ የሚሰይመውን ጆይን ኮለም ጨምሬ ነበር። ጆንያ የሚለው ክላስ ግን የየትኛው ርክክብ እንደሆነ የሚናገር አንድም ነገር አልነበረውም። በጃቫ ዐይን ሲታይ ያማረ አሠራር ነው፤ ርክክቡ ጆንያዎቹን ያውቃቸዋል፣ ጆንያው ግን ስለ ርክክቡ የሚያውቀው የለም። በዳታቤዙ በኩል ግን እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ፎሪን ኪው፣ ማለትም ባለቤቱን የሚጠቁመው የርክክብ ቁጥር፣ የሚኖረው በጆንያው ረድፍ ላይ ነው፤ የርክክቡ ረድፍ ስለ ጆንያዎቹ የሚያውቀው አንድም ነገር የለም። ሃይበርኔት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲቆም አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ይህን አምድ የመጻፍ ኃላፊነት የማን ነው? በጆንያው በኩል ማንም ስለሌለ ኃላፊነቱን ለሊስቱ ይሰጣል።

ሊስቱ ደግሞ ተራው የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ሃይበርኔት በትራንዛክሽኑ (አብረው በሚጸድቁት ትዕዛዞች) ውስጥ የተጠራቀመውን ሥራ ወደ ዳታቤዙ ሲያፈስ ቋሚ ቅደም ተከተል አለው፤ በቅድሚያ ኢንሰርቶችን፣ ቀጥሎ የረድፎችን አፕዴት፣ ከዚያ እንደ ሊስቱ ያሉትን ስብስቦች ለውጥ፣ በመጨረሻም ረድፍ የሚያጠፉትን ዲሊቶች ይልካል። ጆንያው የሚገባው በአንደኛው ዙር ሲሆን፣ «ይህ ጆንያ የዚህ ርክክብ ነው» የሚለው ቃል የሚነገረው ስብስቦቹ በሚስተናገዱበት በኋለኛው ዙር ነው። ስለዚህ በእኔ አጻጻፍ ሁለቱ በአንድ ትዕዛዝ ሊገናኙ አይችሉም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ይህ ችግር ገና ከጅምሩ ራሱን አሳውቆኝ ነበር። የጆንያ ሠንጠረዥን ስሠራ የርክክብ ቁጥሩ ባዶ ሊሆን አይችልም የሚል ገደብ አድርጌበት ነበር፤ የመጀመሪያውን ሙከራ ሳደርግ ፖስትግሬስ ኢንሰርቱን አልቀበልም አለ። ባዶ መሆንን የሚከለክለው ገደብ በፖስትግሬስ እስከ ትራንዛክሽኑ መጨረሻ አይታገሥም፤ ትዕዛዙ እንደደረሰ ነው የሚፈርደው። እኔ ግን ፍርዱን ከመመርመር ይልቅ ገደቡን አንስቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ከስድስት ወር በኋላ ያንን ውሳኔ የጻፍኩበትን ፋይል ሳነብ አፍሬበታለሁ። ጆይን ኮለሙ ላይ አምዱ ባዶ አይሆንም ብለው ቢጽፉ ሃይበርኔት ቁጥሩን በኢንሰርቱ ውስጥ አብሮ ያስገባል፤ ሆኖም እኔ በሠራሁበት እትም አፕዴቱን ከመላክ አልተመለሰም፤ እንዲተወው አምዱ የማይሻሻል መሆኑንም ጨምሮ መንገር ያስፈልጋል። ይህ መንገድ ይሠራል፤ ግን ጆንያው ከአንዱ ርክክብ ወደ ሌላው እንዳይዛወር ያስራል፤ ለእኔም የማይመቸኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የወሰድኩት መፍትሔ ኃላፊነቱን ፎሪን ኪው ወዳለበት መመለስ ነው። ጆንያ በሚለው ክላስ ውስጥ ርክክብ የሚል ሜኒ ቱ ዋን (ብዙ ለአንድ) አስቀመጥኩ፤ በርክክቡ በኩል ያለውን ዋን ቱ ሜኒ ደግሞ ማፕድባይ ብዬ፣ ባለቤቱ በጆንያው በኩል ያለው መሆኑን ነገርኩት። በድሮው የኤክስኤምኤል አጻጻፍ ይህ ኢንቨርስ ይባል ነበር፤ ጋቪን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ2001 ሃይበርኔትን ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ የቆየ ሐሳብ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የጄፒኤ (የጃቫ የዳታ አያያዝ) ደንብም በማፕድባይ ስም ይዞታል። ከዚህ በኋላ ሊስቱ መስታወት ነው፤ ያሳያል እንጂ አይጽፍም። ጆንያው ሲገባ የርክክብ ቁጥሩን ይዞ ይገባል፤ 120ዎቹ አፕዴቶች ይቀራሉ፤ 241 የነበረው 121 ይሆናል።

ግማሹ ከተቀነሰ በኋላ ቀሪውን በጥቅል ማስኬድ ቀላል ሆነ። የባች (የአንድ ጥቅል) መጠኑን 30 ሳደርገው 120ዎቹ ኢንሰርቶች በአራት ጉዞ አለቁ። ለዚህ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፦ መለያ ቁጥሩ ከሲኩዌንስ (ዳታቤዙ ውስጥ ካለ ተከታታይ ቁጥር ሰጪ) የሚመጣ መሆን አለበት። ረድፉ ሲገባ ዳታቤዙ ራሱ ቁጥር የሚሰጥበትን የአይደንቲቲ አሠራር ከመረጡ፣ ሃይበርኔት ቁጥሩን ለማወቅ እያንዳንዱን ኢንሰርት ለብቻው ልኮ መጠበቅ ስላለበት ኢንሰርቶችን በጥቅል መላኩን ይተዋል።

አፕዴቱ የሚጎዳው መስመሩን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፖስትግሬስ አንድን ረድፍ ሲያሻሽል በነበረበት ላይ አይደልዝም፤ አዲስ ቅጂ ጽፎ አሮጌውን የሞተ ብሎ ይተወዋል፤ የሞቱትን በኋላ የሚጠርገው ቫክዩም የተባለው ሥራ ነው። ስለዚህ 120 ጆንያ በእኔ አሠራር ሲመዘገብ ዲስኩ ላይ የሚጻፈው 240 የረድፍ ቅጂ ነበር፤ ግማሹ በተወለደበት ትራንዛክሽን ውስጥ የሚሞት። በዚያ ላይ ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፋጥን ማውጫ) ያለበት አምድ ዋጋው ካልተለወጠ ፖስትግሬስ ኢንዴክሶቹን ሳይነካ አፕዴቱን በአጭሩ የሚጨርስበት ብልሃት አለው፤ የእኔ አፕዴት ግን የሚለውጠው ራሱን ፎሪን ኪውን ነው፤ ፎሪን ኪው ላይ ደግሞ እንደ ማንኛውም ጥንቁቅ ሰው ኢንዴክስ አድርጌበታለሁ። ስለዚህ ያ ብልሃት አይሠራልኝም፤ በሠንጠረዡ ላይ ያሉት ኢንዴክሶች ሁሉ ለእያንዳንዱ ጆንያ ሁለት ጊዜ ይጻፉ ነበር።

ካስተካከልኩት በኋላ ያስተዋልኩት ሌላው ነገር ደግሞ ለወራት ምክንያቱን ሳላውቅ የተሸከምኩት ችግር ነው። መጋዘኑ ሁለት ሚዛን አለው፤ መኪናው ትልቅ ሲሆን በሁለቱም እየመዘኑ በአንድ ርክክብ ላይ ይመዘግባሉ። ርክክቡ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንዳያርመው የሚጠብቅ የቨርዥን አምድ ነበረ። ሊስቱ የግንኙነቱ ባለቤት በሆነበት ጊዜ፣ አንድ ጆንያ በተጨመረ ቁጥር ሃይበርኔት ርክክቡ ራሱ እንደተለወጠ ቆጥሮ ቨርዥኑን በአንድ ከፍ የሚያደርግ ሌላ አፕዴት በርክክቡ ረድፍ ላይ ይልካል። በሁለተኛው ሚዛን ያለው ልጅ «አስቀምጥ» ሲል ታዲያ የያዘው ቨርዥን ያረጀ ስለሚሆን ይመለስበታል። ልጁ «ሲስተሙ አልወደደኝም» ይል ነበር። ማፕድባይ ከገባ ወዲህ ሊስቱ ላይ መጨመር የርክክቡን ቨርዥን አይነካም፤ ሁለቱ ሚዛኖችም ሳይጋፉ ይሠራሉ። የአባቱ (የርክክቡ) ቨርዥን ልጁ (ጆንያው) በተለወጠ ቁጥር እንዲለወጥ የሚፈልግ ሥራ እንዳለ አልክድም፤ ያኔ ግን በግልጽ ተጽፎ ይታዘዛል እንጂ በአጋጣሚ አይሆንም።

በመጋዘኑ ሌላም ግንኙነት አለ፦ አንድን ርክክብ ያወረዱት የጫኝና አውራጅ ሠራተኞች። አንድ ሠራተኛ በብዙ ርክክብ ላይ ይሠራል፤ አንድ ርክክብም ብዙ ሠራተኛ አለው፤ ስለዚህ በመካከላቸው የማገናኛ ሠንጠረዥ አለ። ይህንንም በሊስት ይዤው ነበር። 14 ሰው ካለበት ርክክብ ላይ በስህተት የገባ አንድ ሰው ሲሰረዝ ሎጉ ምን ቢያሳየኝ ጥሩ ነው? የርክክቡን የማገናኛ ረድፎች በሙሉ የሚያጠፋ አንድ ዲሊት፣ ከዚያ የቀሩትን 13 ሰዎች እንደ አዲስ የሚያስገባ 13 ኢንሰርት። ምክንያቱ ቅደም ተከተል የሌለው ሊስት አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ሊይዝ ስለሚችል፣ ሃይበርኔት የትኛውን ረድፍ ነጥሎ እንደሚያጠፋ አያውቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም አፍርሶ ይሠራል። ሊስቱን ወደ ሴት (Set፣ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ወደማይዝ ስብስብ) ቀይሬ፣ የሠራተኛውን እኩልነት በመለያ ቁጥሩ እንዲለካ ሳደርግ አንድ ዲሊት ብቻ ቀረ። ሦስት መስመር ኮድ ነው የተቀየረው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ልማድ አለ፤ ከስክሪኑ የመጣውን አዲስ ሊስት በአሮጌው ቦታ መተካት። ሃይበርኔት የሚከታተለው የራሱን ስብስብ ነው፤ እሱን አንሥተው ሌላ ሲያስቀምጡለት አሮጌውን ሙሉ በሙሉ እንደፈረሰ፣ አዲሱን ሙሉ በሙሉ እንደተሠራ ይቆጥረዋል፤ ወላጅ አልባ የሆኑትን ሰርዝ የሚለው ትዕዛዝ ካለበት ደግሞ ሥራውን አቋርጦ ስህተት ይጥላል። ያሉትን በቁጥራቸው አነጻጽሮ የጎደለውን መጨመርና የተረፈውን ማንሣት ትንሽ ጽሑፍ ይጠይቃል፤ እኔ ግን ለዚያ ጽሑፍ ቸኩዬ አላውቅም ነበር። ጃንጎ የተባለውን የፓይዘን ማዕቀፍ የምትጠቀሙ ወዳጆቼ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናችሁ፤ እዚያ ፎሪን ኪው ከመጀመሪያውም በልጁ በኩል ስለሚጻፍ የኔ ዓይነት ስህተት አይፈጠርም፤ የብዙ ለብዙውን ግንኙነት የሚያስተካክለው ሴት (set) የተባለው ትዕዛዝም ልዩነቱን ብቻ ይልካል። ሆኖም ሴቭ ስትሉ ሁሉንም አምድ መልሶ እንደሚጽፍ አትርሱ፤ የትኞቹ አምዶች እንደሚጻፉ ለይቶ መንገር የእናንተ ፋንታ ነው።

ይህ ደግሞ ማንም ምንም ሳይነካ ስለሚሄዱት አፕዴቶች ያስታውሰኛል። ሀጂ አንድን ርክክብ ለማየት ብቻ ከፍተው ሲዘጉት እንኳ አፕዴት ሲሄድ አየሁ። ሃይበርኔት ረድፉን ሲያነብ የነበረበትን ሁኔታ ቀድቶ ይይዛል፤ ሲጨርስ አሁን ካለው ጋር ያስተያያል፤ ከተለያየ አፕዴት ይልካል። እኔ የእህሉን የእርጥበትና የንጽሕና ውጤት በአንድ ትንሽ ክላስ ይዤ በኮንቨርተር ወደ ጽሑፍ እየለወጥኩ በአንድ አምድ አስቀምጥ ነበር፤ ለክላሱ ግን ሁለት ውጤቶች እኩል የሚሆኑት መቼ እንደሆነ አልነገርኩትም። ጃቫ ካልተነገረው በስተቀር ሁለት ኦብጀክቶች በይዘት አንድ ቢሆኑም የተለያዩ ናቸው ይላል፤ ስለዚህ ቅጂውና ዋናው ዘወትር እንደተለያዩ ይኖራሉ። እኩልነትን የሚወስኑትን ኢኳልስና ሃሽኮድ ስጽፍለት ያ አፕዴት ጠፋ።

የተለወጠውን አምድ ብቻ አፕዴት አድርግ የሚለውን የዳይናሚክ አፕዴት ምልክት ለምን በየቦታው እንዳላደረግሁት የጠየቀኝ የሥራ ባልደረባ አለ። ያ ምልክት አፕዴቱን ያሳጥረዋል እንጂ አያስቀረውም፤ በየጊዜው የተለያየ ትዕዛዝ ስለሚፈጥርም በጥቅል መላክን ያሰናክላል። አምዱ ለበዛ ሠንጠረዥ ጠቃሚ ነው፤ አምስት አምድ ላለው ጆንያ ግን ምንም አይፈይድም።

አሁን ወደ ተነሣው ገደብ ልመለስ። ማፕድባይ ካስገባሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ የርክክብ ቁጥሩ ባዶ አይሁን የሚለውን ገደብ ወደ ሠንጠረዡ ለመመለስ ትዕዛዙን ላክሁ። ፖስትግሬስ አልተቀበለውም፤ ባዶ የሆኑ ረድፎች አሉ አለ። ስቆጥራቸው ሦስት ጆንያዎች ናቸው። ሊስቱ ከእንግዲህ እንደማይጽፍ እያወቅሁ፣ የእርማት ገጹ ላይ ጆንያውን ሊስቱ ውስጥ ጨምሬው ለጆንያው ራሱ ርክክቡን ሳልነግረው ቀርቻለሁ። በዋናው የመመዝገቢያ ገጽ ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ የሚያስተካክል ሜተድ ርክክቡ ክላስ ውስጥ ጽፌ ነበር፤ የእርማት ገጹ ግን ያን ትቶ ሊስቱን በቀጥታ ይነካ ነበር። ስህተት የሚባል ነገር በሎጉ ላይ የለም፤ ገደቡ በቦታው ቢኖር ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይጮኽልኝ ነበር። ሊስቱን ከውጭ እንዳይነካ ዘጋሁት፤ መጨመርና ማንሣት የሚቻለው በሜተዶቹ ብቻ ሆነ።

ሦስቱ ጆንያዎች ግን ባለቤት ይፈልጋሉ። ክብደታቸውንና የተመዘገቡበትን ቀን ይዤ ሀጂ ዘንድ ሄድኩ። 98 ኪሎ ተኩሉንና 97ቱን ጥራዙን ሁለት ጊዜ ገልብጠው አገኟቸው። ሦስተኛው ግን 101 ኪሎ ነበር፤ በዚያ ቀን ደግሞ በሁለት መኪናዎች ላይ 101 ኪሎ የመዘነ ጆንያ አለ። ሀጂ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ጥቂት አሰቡና «ክብደቱን ተው፤ ቁጠር» አሉኝ። ቆጠርኩ። የአንደኛው መኪና ጆንያ በወረቀቱ ላይ 120፣ በዳታቤዙም 120 ነው፤ የሁለተኛው በወረቀቱ 120 ሲሆን በዳታቤዙ 119 ነው። ቁጥሩን በእጄ ጻፍኩበት፤ በዚያ ሠንጠረዥ ላይ ሆን ብዬ የላክሁት የመጨረሻው አፕዴት እሱ ነው። ከዚያ የገደቡን ትዕዛዝ ደገምኩ፤ ፖስትግሬስም ተቀበለው።